ለቡን በእግር፤ ለነፍሰ ጡር እናት

በመካኒሳ በኩል ወደ ለቡ በታክሲ ቢመጡ ረዳቱ «ሙዚቃ ቤት ወራጅ አለ?» ሲል ይሰማሉ። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ይህ ሰፈር ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት እርሻና የከብት መሰማሪያ ነበር። ዛሬ ባለ ግቢ ቤቶችና ፎቆች ሞልተውታል፤ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ የሚታጠፉት ብዙዎቹ መንገዶችም ኮብልስቶን የተነጠፈባቸው ናቸው። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሠራተኛው ወደ ታክሲ ሰልፍ ሲገሠግሥ፣ ተማሪው ቦርሳውን አዝሎ ሲሮጥ ይታያል። በመካከላቸው ሆዷ የገፋ እናት ቀስ ብላ ስትራመድ ያየች ባልቴት፣ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብላ ትመርቃትና ወዲያው «ምነው ብታርፊ ልጄ?» ትላለች።

ምርቃቱን እንቀበል። ምክሩን ግን እንመርምረው። በአገራችን ነፍሰ ጡር ሴት በሁለት ተቃራኒ ነገሮች ትጎዳለች። አንደኛዋ ከወንበር ወደ አልጋ ብቻ እንድትል ትደረጋለች፤ ሌላዋ ደግሞ ውሃ በጠፋ ቀን ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጄሪካን እስከ አራተኛ ፎቅ ትሸከማለች። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 20 ኪሎ መሆኑን ልብ ይሏል። የሚገርመው፣ «አትራመጂ» የሚለው ቤተ ዘመድ ጄሪካኑን ሲያይ ዝም ማለቱ ነው! ለዚች እናት የሚያስፈልጋት የሚሸከምላት ሰው ነው እንጂ የሚያስተኛት አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ ሐኪም የሚከለክልበት ምክንያት የሌላት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ይህም በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን መራመድ ማለት ነው። እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣውን የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ለመቀነስ ይረዳል፤ ጤነኛ የሆነን ጽንስም አያስወርድም። ከዚህ በፊት ስፖርት ያልለመዱ ከሆኑ በ10 ደቂቃ ይጀምሩና ቀስ በቀስ ይጨምሩ።

ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየተራመዱ ከጓደኛዎ ጋር መነጋገር ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት፣ መጠኑ ልክ ነው። ለመናገር ትንፋሽ ካጠረዎት ፍጥነቱን ይቀንሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ከቆላ አገር በቅርቡ የመጡ እናቶች የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእርጋታ ቢያሳልፉ ይሻላል። ደራርቱ ቱሉ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ልጅ ወልዳ በ2000 በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ ማግኘቷ ሁላችንንም ያኮራል፤ ነገር ግን የአትሌት ልክ ለእርስዎ መለኪያ አይሁን።

ወደ ለቡ መንገድ እንመለስ። ኮብልስቶን በደረቁ ወራት ደህና ነው፤ ክረምት ገብቶ ጭቃና ሙጃ ሲይዘው ግን ያንሸራትታል። ሆድ ሲገፋ የሰውነት ሚዛን ወደ ፊት ያደላል፤ በእርግዝና ጊዜ ጅማቶችም ስለሚላሉ ቁርጭምጭሚት በቀላሉ ይታጠፋል። ስለዚህ ተረከዙ አጭር የሆነ፣ ሶሉ የማያንሸራትት፣ እግርን አቅፎ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። በነጠላ ጫማ ቁልቁል አይውረዱ። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ከመውጣት ማለዳን ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ይምረጡ፤ ውሃም ይያዙ። የሚጾሙ እናቶች በባዶ ሆድ ረጅም መንገድ አይሂዱ፤ ስለ ጾሙ የንስሐ አባትዎንና ሐኪምዎን ያማክሩ።

ዝናብ ካላስወጣዎት ቤት ውስጥም ይቻላል። ግድግዳ ተደግፎ ቀስ ብሎ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ክንድን ማንቀሳቀስ፣ ሽንትን እንደሚይዙ ሆኖ የዳሌን ወለል ጡንቻ ማጥበቅና መልቀቅ ጥሩ ነው። ከሦስተኛው ወር በኋላ ግን በጀርባ ተንጋሎ የሚሠራውን ይተዉት፤ የከበደው ማኅፀን ትልቁን የደም ሥር ተጭኖ ሊያዞርዎት ይችላል።

ለቡ የባቡርም ሰፈር ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 (እ.ኤ.አ.) ተመርቆ በጥር 2018 (እ.ኤ.አ.) መደበኛ ሥራ ሲጀምር፣ የአዲስ አበባ መነሻው ፉሪ ለቡ ጣቢያ ሆኗል። ድሬዳዋ ያለችው እናትዎ ዘንድ ለመውለድ ቢያስቡ፣ ረጅም ሰዓት አለመንቀሳቀስ በባት ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ እርግዝና ራሱም ይህን አደጋ ይጨምረዋል። ስለዚህ በየሰዓቱ ተነሥተው በመተላለፊያው ወዲያና ወዲህ ይበሉ፤ ሲቀመጡም ቁርጭምጭሚትዎን ያሽከርክሩ። ከጉዞው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ፋብሪካ ወይም ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመው ለሚውሉት ደግሞ ሥራቸው ራሱ እንቅስቃሴ ነው፤ ለእነሱ የሚያስፈልጋቸው ማረፊያ ወንበር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ በሌሊት እንዳትሠራ ይከለክላል፤ ሥራው ለጤንነቷ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠም ወደ ሌላ ሥራ እንድትዛወር ያዛል። ከእርግዝናው ጋር ለተያያዘ ምርመራም ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል። ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸውና የምስክር ወረቀቱን ከመጠየቅ አይፈሩ።

ሆኖም መራመድ የማይፈቀድላቸው እናቶች አሉ። የእንግዴ ልጁ የማኅፀኑን አፍ የሸፈነባት፣ ብርቱ የልብ ሕመም ወይም ከባድ የደም ማነስ ያለባት፣ በእርግዝናው ምክንያት ደም ግፊቷ ከፍ ያለባት እናት የሐኪሟን ትእዛዝ ትከተል። ይህን ለማወቅ እርግዝናው ሦስት ወር ሳይሞላ ጤና ጣቢያ ሄዶ የመጀመሪያውን ክትትል መጀመር ያስፈልጋል፤ ያን ዕለት «ምን ያህል ልራመድ?» ብለው ይጠይቁ።

በመንገድ ላይ ደም ከታየ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ምጥ የመሰለ ሕመም ከተመላለሰ፣ ካዞረዎት፣ ደረትዎን ከወጋዎት፣ አንዱ ባት ካበጠና ካመመ፣ ብርቱ ራስ ምታት ዓይን ከማደብዘዝ ጋር ከመጣ፣ ወይም ልጁ እንደ ወትሮው አልንቀሳቀስ ካለ፣ እዚያው ይቁሙ። ቤት ደርሼ ልረፍ አይበሉ። የሚደግፍ ሰው ይጥሩና በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ መኪና ከጠፋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ቁጥሩን ዛሬውኑ በስልክዎ ላይ ይመዝግቡት፤ ለባለቤትዎና ለጎረቤትዎም ይስጡ።