ቅዱስ ጊዮርጊስ ያለ ፈረስ

ያደግኩት ብራስልስ ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የእማዬ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሐኪም ቤትም ሆነ ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ ከጎኗ አልጠፋም። ግን ሁሉንም አልተረጉምም ነበር። አስተማሪዬን «እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ» ብላ ስትመርቅ፣ እኔ «አመሰግናለሁ ትላለች» እል ነበር። ምርቃቱን መተርጎም አፍር ነበር።

አሁን እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ብሩዥ ወሰድኳት። ከብራስልስ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። እዚያ ግሩኒንገ የሚባል ሙዚየም አለ። ትልቅ አይደለም፤ ግን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የፍላንደርስ ሠዓሊዎች ሥራ በጣም የታወቀ ነው። መንገዱን ሙሉ ምን ምን እንደማስረዳት ስዘጋጅ ነበር።

ያን ፋን አይክ ከ1434 እስከ 1436 የሣለው ትልቅ ሥዕል ፊት ደረስን። መሐል ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ልጀምር ስል፣ እማዬ አማተበች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ሁለት ቱሪስቶች ዞረው አዩዋት። ፊቴ በእፍረት ጋለ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አልኳት በሹክሹክታ።

«እሷ እመቤታችን አይደለችም እንዴ?» አለችኝ።

ምን ልመልስ? ስልኬን ማንበብ ቀጠልኩ። ሥዕሉ የተሣለው እዚያው ብሩዥ ለነበረ የቅዱስ ዶናትያን ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረሰ፤ ሥዕሉ ግን ተረፈ። ስለዚህ ይህ ሥዕል መጀመሪያውኑ የተሣለው ለሚጸልዩ ሰዎች ነበር። እማዬ አልተሳሳተችም።

እሷ ግን እኔን አልጠበቀችም። ሥዕሉን ማንበብ ጀምራለች።

«ይኼ ጥሩር የለበሰው ማነው?»

«ጥሩር ምንድን ነው?»

«ወታደር የሚለብሰው የብረት ልብስ ነዋ!»

ቃሉን ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው» አልኳት።

ጠጋ ብላ አየችው። «ታዲያ ፈረሱ የት አለ?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እውነቷን ነው። እቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን በጦር ይወጋል። የብሩዡ ጊዮርጊስ ግን በእግሩ ቆሞ፣ የራስ ቁሩን ከፍ አድርጎ፣ አንድ ሽማግሌ ቄስ ለእመቤታችን ያስተዋውቃል። ሥዕሉን ያሠራው ይህ ሽማግሌ ነው። ስሙ ዮሪስ ፋን ደር ፓለ ይባላል፤ «ዮሪስ» ማለት ደግሞ «ጊዮርጊስ» ማለት ነው። ስለዚህ ያስተዋወቀው በስሙ የተጠራለት ቅዱስ ነው።

እማዬ ሽማግሌውን ረጅም ሰዓት አየችው። ተንበርክኳል። ፊቱ ተሸብሽቧል፤ የደም ሥሩ ሳይቀር ይታያል። በእጁ የጸሎት መጽሐፉንና መነጽሩን ይዟል።

«ይኼ ሰውዬ ታሟል» አለች።

በእርግጥም ቄሱ በዚያ ዘመን ታማሚ ነበር፤ በ1443 ሞተ። ይህን ለእማዬ ገና አልነገርኳትም ነበር።

«በምን አወቅሽ?»

«መነጽሩን አውልቆ መጽሐፉን ይዟል። አንብቦ አንብቦ ዓይኑ ሲደክም፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ነው። እኔም ማታ ማታ እንደዚያ ነኝ።»

ማታ ማታ እናቴ ውዳሴ ማርያምን ይዛ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። ዓይኗ እንደሚደክም ግን ጠይቄያት አላውቅም።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እሷ ደግሞ ታስረዳኝ ጀመር። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበት ሥዕል በእኛ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ይባላል፤ «ከተወደደ ልጇ ጋር» ማለት ነው። በእኛ ሥዕል ብዙ ጊዜ ሕፃኑ መጽሐፍ ይይዛል፤ እዚህ ግን በቀቀን አብሮት አለ። እኔም በተራዬ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በዚያው በ1434 አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንደነገሡ ነገርኳት። በእሳቸው ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ እመቤታችንን በእንጨት ላይ ይሥል ነበር። ሥዕሉ እስከ ዛሬ ጣና ሐይቅ ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ አለ።

«አየሽ፣ በአንድ ዘመን ነው የሠሩት» አለች፤ ዘመዶቿን ያገኘች ይመስል ደስ ብሏት።

ስንወጣ ኮታችንን ያስቀመጠችልን ሴት መልሳ ሰጠችን። እማዬ እንደ ልማዷ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ልጆችሽን ያሳድግልሽ» አለቻት።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። «አመሰግናለሁ ትላለች» ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት። ምርቃቱን አንድም ቃል ሳላስቀር በፍላሚሽ ተረጎምኩላት።

ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ሁለት አሉኝ» አለች።

እሱንም ለእማዬ ተረጎምኩላት።