ከትሪው በፊት
(ትዝብት ከተበላ ከተማ፣ ወላይታ)

ክረምቱን ልታሳልፍ ከአዲስ አበባ የመጣችው የእህቴ ልጅ ስልኳን ከፍታ አንድ ፎቶ አሳየችን። ጣውላ ላይ አይቡ በአራት ማዕዘን ተቆርጧል፣ ሥጋው እንደ ጽጌረዳ ተጠቅልሏል፣ ወይኑ ከነዘለላው ተጋድሟል። «እሑድ ዘመድ ሲመጣ እንዲህ ብናቀርብስ?» አለች። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቆይታ አየችውና «ያምራል። ሰዎቹ ግን የት ሄዱ?» ብላ ጠየቀች። እውነትም ፎቶው ውስጥ አንድ እጅ እንኳ አልነበረም።

*

የዚህ ገበታ ስም ሻርኩተሪ ነው አሉ። ቃሉ ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ ሥሩ ሲፈታ «የበሰለ ሥጋ» ማለት ነው። ወላይታን ያህል በቁርጥ ስሙ የተነሣ አገር ይዞ፣ የበዓል ገበታን «የበሰለ ሥጋ» ብሎ መጥራት ለእንግዳው ስድብ ነው። ስሙ ወላይታ ሶዶ ሲደርስ መቀየር ነበረበት።

*

እንደ ፎቶው እንዲሆን ያዘዝነው አናጺ ጣውላውን አለስልሶ ቫርኒሽ ቀባው። «እስኪደርቅ ሦስት ቀን ጠብቁ» አለ። በአምስተኛው ቀንም ይሸት ነበር። እናቴ ወደ ጓሮ ወጥታ ኮባ ቆርጣ መጣች፤ እሳት ላይ አለፍ አለፍ እያደረገች አለዘበችው። ጥሬው ሲያጥፉት ይቀደዳል፤ እሳት የነካው ግን እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ከተበላበት በኋላ ላሚቱ በላችው። እስከዛሬ ራሱን የሚያጥብ ሰሃን አይቼ አላውቅም።

*

መሀሉ ላይ ማር ይቀመጣል ይላል ፎቶው። እኛ ቤት መሀሉ የዳጣ ነው፤ ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ተወቅጦ፣ ገና ከሩቅ አፍንጫ የሚቆነጥጥ። ልጅቷ ትንሽዬ ማንኪያ አኖረችለት። የመጀመሪያው እንግዳ የተቀቀለ ጎደሬውን ቆርሶ እስከ ጣቱ ነከረው። ማንኪያዋ ማታ ስትታጠብ ንጹሕ ነበረች።

*

ሐምሌ ላይ ትሪ መሙላት ቀላል የሚመስለው ከተማ ለሚኖር ሰው ነው። አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴ ሁሉ ግን ምግብ አይደለም። ማሳው ለምልሞ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ሰኔ እዚህ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው እሸት በቆሎ ከሰል ላይ ሲንጣጣ ደስታው ከጣዕሙ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ልጅቷ በቆሎውን በመጠን በመጠን ከፋፍላ በክብ ደረደረችው። አጎቴ አንዱን ቁራጭ አንሥቶ አገላብጦ አየና «ሌላው ለማን ተቀመጠ?» አለ።

*

በእኛ አገር የእንግዳ ትሪ ድንበር አለው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታን የሚጾም ዘመድ አለ፤ ቅቤ የነካው ነገር አጠገቡ እንዲደርስ አይፈልግም። የማይጾም ጴንጤ ዘመድ አለ። የሥጋውን ባራኪ ሳያውቅ የማይቀርብ ሙስሊም ጎረቤት አለ። ሥጋና አይብ የተደበላለቀበት ጣውላ ላይ ሦስቱን ማስቀመጥ ዘበት ነው። የተቀቀለ ቦሎቄ፣ ስኳር ድንች፣ በቆሎና ሙዝ ግን ማንንም ሃይማኖቱን አይጠይቁም። ድሃ የሚባለው ትሪ ሰው በማስቀመጥ ሀብታሙን ይበልጠዋል።

*

ዋናው በዓል ጊፋታ ነው፤ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ የሚውለው። በፎቶው ዓይን ሲታይ የጊፋታ ገበታ አያምርም፤ ሙቿውም ባጪራውም ከእንሰት የሚሠራ፣ ቅቤ የጠገበ፣ በአንድ ቀለም የተኛ ነው። ምስጢሩ ግን ከመቅረቡ በፊት ነው። ሴቶቹ ቅቤውን በቡድን ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ፤ ወንዶቹ ለሠንጋው መግዣ ይቆጥባሉ። እንሰቱ ደግሞ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ትሪ መደርደር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እኔ ጊፋታ ላይ ባዶ እጄን መጥቼ ሙቿ ስጎርስ፣ ያልቆጠብኩትን የሌላ ሰው ቅቤ እየበላሁ መሆኑን የማስታውሰው ከጠገብኩ በኋላ ነው።

*

ከተበላ ሆኖ ቀና ላለ ሰው የሁምቦ ጋራ ይታያል። ተመንጥሮ ገላጣ ሆኖ ነበር። 2,728 ሄክታር የሚሆነው ተከልሎ፣ አብዛኛው ከተቀበረው ጉቶ ራሱ አቆጠቆጠ፤ በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ። አሁን ማርም ይገኝበታል። ማሩን ትሪው ዳር ያስቀመጥነው ልጅቷን ላለማስቀየም ነበር። አጎቴ ግን ቀመሰና ወደ ጋራው አየ። ገላጣውን ያውቀዋል፤ ምንም አላለም።

*

አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችን ክረምታቸው በጋ ነው። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን በየዓመቱ ያሰባስባቸዋል፤ ጊዜው በእኛ ሰኔ መጨረሻ ግድም ነው። አገር ቤት መጥተው ሲመለሱ የአንዱ ሻንጣቸው ልክ 23 ኪሎ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። እናቴ በእጇ እየመዘነች ስታሸጋሽግ ላያት፣ ከሁሉ የተጠና ትሪ ሻንጣ ነው። ማንም ፎቶ አያነሣውም።

*

እሑድ ማታ ዘመድ ከተበተነ በኋላ ልጅቷ ስታኮርፍ አገኘኋት። አንግል እየፈለገች ሳለ ትሪው አልቆባታል። እናቴ ክንዷን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻትና ጉልበቷ ላይ የምትደርስ አንዲት እንሰት አሳየቻት። «ይቺ ለምረቃሽ ናት» አለቻት። ልጅቷ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ትንሽ ዝም አለችና «ብዘገይስ?» አለች።

«እሷም ትዘገያለች» አለች እናቴ፣ በእግሯ አፈሩን ወደ ግንዱ እየገፋች።