የአሥራ አምስት ዶላር ሲኒማ

እትዬ የሳሎኔን ፎቶ አይታ ደወለች። ከቴሌቪዥኑ ሥር የተጋደመው ጥቁር ሣጥን ምንድን ነው አለችኝ። የልጆች ጌም ማጫወቻ መሆኑን፣ እሱንም ሌላ ሰው ተጫውቶበት የሰለቸውን በ15 ዶላር እንደገዛሁት ነገርኳት። «አሜሪካ ድረስ ሄደህ ሰልባጅ?» አለች። ልጅ እንደሌለኝም ታውቃለች።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አሮጌ ዕቃ መግዛት አያሳፍርም። ኮት የለበሰውም፣ እንደኔ ከሌሊት ፈረቃ የወጣውም አንድ መደርደሪያ ላይ ሲበረብር ይገናኛል። መጀመሪያ ሰሞን እኔም የሀገር ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር እያልኩ ነበር የምገባው፤ ኋላ ግን የሀገሬን ሰው የማገኘው እዚያው ሆነ። ሣጥኑ በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ነው፤ ግዙፍ፣ ከባድ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ የሚጮህ።

የፈለግሁት ለጌም አይደለም። ከሀገር ቤት ተሸክሜ ያመጣኋቸው የአማርኛ ፊልም ቪሲዲዎች ሻንጣ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የኢትዮጵያ ዲስኮች የሚሠሩት በፓል የምስል ሥርዓት ነው፣ የአሜሪካ ማጫወቻዎች ደግሞ በኤንቲኤስሲ። እዚህ የገዛሁት ዲቪዲ ማጫወቻ ዲስኮቹን ሲያነብ ምስሉ ቀለም አልባ ሆኖ ወደ ላይ ይንከባለላል። ከነዚህ ፊልሞች አንዳንዶቹን ዩቲዩብ ላይ ፈልጌ አጥቻቸዋለሁ። በላፕቶፕ ማየት ይቻላል፤ ግን ቅዳሜ ማታ እንግዳ ጠርቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ አምስት ሰው አንድ ላፕቶፕ ላይ ማጎንበስ ምን ይሉታል?

ይህ ሣጥን ግን ፊልሞቹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሊያሳየኝ ይችላል፤ ችግሩ ማሽኑ የተቆለፈ ነው፤ አምራቹ ያልፈቀደውን ፕሮግራም አያስነሳም። የሚከፈትበት ብልሃት ግን ሣጥኑን እንኳ መፍታት አይጠይቅም። እንደ ስፕሊንተር ሴል ያለ ጌም «ካቆምኩበት ልቀጥል» ሲሉት የተቀመጠውን ፋይል ያነባል። ፋይሉ ውስጥ ከተመደበለት ቦታ የሚበልጥ ነገር ከታጨቀበት ትርፉ ወደ ጎረቤት ማህደረ ትውስታ ይፈሳል፤ ማሽኑም የፈሰሰውን እንደ ትእዛዝ ተቀብሎ ይፈጽመዋል። በሜክአሶልትም ይሠራል፣ ዲስኩ ከቀደመው እትም ከሆነ። ፋይሉን የማስገባው በመጫወቻ እጀታው መሰኪያ ነው፤ ቅርጹ ለየት ይበል እንጂ ውስጡ ተራ ዩኤስቢ ነው። ትንንሽና አሮጌ ፍላሾችን ይወዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሀርድ ዲስኩ ቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ በተቀመጠ ቁልፍ ታስሯል። ያንን ቁልፍ ቀድቶ ሌላ ቦታ ያላስቀመጠ ሰው ቦርዱ የሞተ ዕለት ዲስኩንም አብሮ ይቀብራል።

ከዚያ ኤክስቢኤምሲን ጫንኩበት። በ2002 ለዚሁ ሣጥን ተብሎ የተጀመረ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ከ2014 ወዲህ ኮዲ ይባላል። ሣጥኑ 64 ሜጋባይት ራምና 733 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ብቻ ስላለው ለዛሬው ጥራት ያለው ቪዲዮ አቅም የለውም። የፓል ቪሲዲ ምስል ግን 352 በ288 ነጥብ ብቻ ናት፤ ፓሉንም ኤንቲኤስሲውንም ሳያጉረመርም ያሳያል። አብሮት የመጣው ሀርድ ዲስክ ከጥቂት ፊልም በላይ ስለማይይዝ የቀሩትን ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጬ በኔትወርክ ገመድ አገናኘኋቸው።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምታ «ለዚህ ነው ሥራህን ጥለህ የሄድከው?» አለች። በከፊል፣ አዎ። ሀገር ቤት እሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች በትንሽ ነገር ቆመው አቧራ ይጠጡ ነበር። ባለሙያው እኔ ነኝ፤ ክዳን ለመክፈት ግን የንብረት ክፍል ደብዳቤ፣ ከደብዳቤው በኋላ ኮሚቴ ያስፈልጋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ ከቆሻሻ የወጣ ብረት ወስዶ ነፍስ የሚዘራበት ሰው ሞልቷል፤ ግን ልጃችንን እንዳርለት ብሎ የሚያስበው የለም። የኛ ሰው የሚያከብረው ካርቶኑ ያልተቀደደ ዕቃና ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። አሜሪካም ይቆልፋል፣ ያውም ብሶበት፤ በ15 ዶላር የገዛሁትን ስፈታ ግን በፊርማ የሚጠይቀኝ የለም። ቀን ተኝቼ ሌሊት መኪና የማቆመው ሀብታም ለመሆን ነው ብሎ የሚያስብ ዘመድ ካለ፣ የወር ኪራዬን ልላክለት።

የእትዬ ልጅ ስልኩን ተቀብሎ እንድልክለት ጠየቀኝ። የአሜሪካው ኤክስቦክስ ለ110 ቮልት የተሠራ ነው፣ የናንተ 220 ያቃጥለዋል አልኩት። ትራንስፎርመር የሚጠመጥም ሰው አውቃለሁ አለ። ሌላም ነገር ጨመርኩለት፦ ከመጨረሻው እትም በፊት በወጡት ቦርዶች ላይ ለሰዓቱ የተቀመጠች ካፓሲተር አለች፤ ስታረጅ ፈሳሽ እያነባች ቦርዱን ትበላዋለች። መነቀል አለባት፤ የክዳኑ ብሎኖች ከእግሮቹ ጎማና ከተለጠፈው ወረቀት ሥር ተደብቀዋል፣ የሚፈታቸውም ቲ20 የሚባል ባለ ኮከብ መፍቻ ነው።

«እሱማ አለኝ» አለ።