ክረምቱን ቆማ የከረመችው ሞተር ሳይክላችን

በአገራችን ክረምት የሚባለው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። እዚህ እስራኤል ግን ዝናቡ የሚመጣው ከሱኮት በኋላ ነው። እኛ ወንድማማቾችም ሞተር ሳይክላችንን ያን ጊዜ ከደረጃው ሥር አስገብተን፣ ጨርቅ አልብሰን፣ እስከ ፋሲካ ዞር ብለን አላየናትም። ሁለታችን አዋጥተን የገዛናት አሮጌ ባለ 125 ናት።

ከእኛ ታናሹ የሚሠራው ዳቦ መጋገሪያ ነው። ጎህ ሳይቀድ መግባት አለበት፤ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። ክረምቱን አንድ ጎረቤት በመኪናው ይወስደው ነበር፤ ጎረቤቱ ግን ከበዓሉ በኋላ ሥራ ሊለውጥ ሆነ። ስለዚህ እናታችን ለፋሲካ ቤት ስታጸዳ እኛም ሞተር ሳይክሏን አወጣናት።

ባትሪው ሲለካ 11.9 ቮልት ሆነ። ሌሊቱን ቻርጅ ስናደርገው ሞላ። ቾክ ስበን ስናስነሳት ተነሣች፤ ቾኩን ስንመልሰው ግን ወዲያው ጠፋች። ነዳጅ ስንሰጣት ትንተባተባለች። ካንዴላውን ፈታነው፤ ጥላሸት ለብሷል። አዲስ ገዝተን ገጠምን፤ ለውጥ የለም። የአየር ማጣሪያውንም አየን፤ ንጹሕ ነው።

ያን ጊዜ ጠብ ጀመርን። ታላቁ «ለጓደኞችህ እያዋስክ አበላሸሃት» አለ። ታናሹ «ሥራዬን ባጣ ግድ የለህም» ብሎ መለሰ። አባታችን ከሰገነት ሆነው ሲሰሙ ቆዩና እንዲህ አሉን፦ «በቅሎም ክረምቱን ታስራ ከከረመች በመስከረም ጭነት አልቀበልም ትላለች። ታዲያ በቅሎዋን ትመታላችሁ ወይስ እግሯን ታያላችሁ?» ሁለታችንም ዝም አልን።

ከታች ፎቅ የሚኖሩ ከሞሮኮ የመጡ ሽማግሌ ድምፅዋን ሰምተው ወጡ። ጥቂት አዳመጡና በዕብራይስጥ «ሳቱም» አሉ፤ ተደፍኗል ማለታቸው ነው። ምክንያቱንም አስረዱን። ቾክ ሲሳብ ተጨማሪ ቤንዚን ስለሚገባ ሞተሩ ይሠራል። ቾኩ ሲመለስ ግን ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ቤንዚን የሚያገኘው በካርቡራተሩ ውስጥ ካለች አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ነው። ቤንዚን ወራት ሲቆም ቀላሉ ክፍል ተንኖ ሙጫ የመሰለ ነገር ይቀራል፤ ቀዳዳዋንም ይደፍናል።

ውጭ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት፣ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘጋን። ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ጽዋ ስናራግፍ የወጣው ቤንዚን ጠቁሯል፤ እንደ ቀለም ይሸታል። ትንሿን የነሐስ ቁራጭ ፈትተን ወደ ፀሐይ ብናነሣት ብርሃን አታሳልፍም። በሽቦ ልንወጋት ስንል ሽማግሌው ከለከሉን፤ ቀዳዳዋ ከሰፋች መጠኑ ይበላሻል። በካርቡራተር ማጽጃ ነክረን፣ ነፍተን፣ እንደገና ስናነሣት የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ታየች። አሮጌውን ቤንዚን በጀሪካን አስወጥተን አዲስ ሞላን። ሞተሩ ተነሣ፤ ቾኩን መለስን፤ አልጠፋም።

በኋላ ስናስበው፣ በሱኮት ሰሞን ቤንዚኗን ሳያራግፍ ያቆማት ታላቁ ነበር። ይህንም ለታናሹ በአባታችን ፊት ነገረው፤ ይቅርታም ጠየቀው።

ውድ አንባቢያን፣ እንደ እኛ ካርቡራተር ያላት ሞተር ካለቻችሁ ከዝናቡ በፊት ይህን አድርጉ። ሰልቫትዮውን ሞልታችሁ ቤንዚን እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ፈሳሽ ጨምሩበት፤ ፈሳሹ ካርቡራተሩ ድረስ እንዲደርስ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠሩት። ከዚያ መዝጊያውን ዘግታችሁ ጽዋውን አራግፉ። ባትሪውንም ፈትታችሁ በየወሩ ቻርጅ አድርጉት።

ከበዓሉ በኋላ ታናሹ በጨለማ ተነሥቶ ወጣ። እኛ የቀረነው በአልጋችን ሆነን ድምፅዋ ከመንገዱ መታጠፊያ አልፎ እስኪርቅ ድረስ አዳመጥን። አባታችንም ነቅተው ኖሯል፤ «እግሯ ድኗል» አሉ።