ባሕር ለበላቸው የቆመ መታሰቢያ

ከዓመታት በፊት ስለ ቬትናም የዘመናችን የቪዲዮ ሥነ ጥበብ በአንድ መጽሔት ላይ ረዘም ያለ ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። የሦስት ሥራዎችን ምልክቶች ፈታሁበት። ለሦስቱም የሰጠሁት ፍቺ አንድ ነው፤ አሜሪካ በቬትናም ያካሄደችው ጦርነት። ከሦስቱ አንዱንም ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አላየሁም ነበር። ጥቂት ፎቶግራፎችና አጫጭር ቁራጮች ተመለከትሁ፣ የኤግዚቢሽን መግለጫ አገላበጥሁ፣ የጎደለውን ከራሴ ሞላሁት። ለአንባቢ ግን እንዳየ ሰው ነው የጻፍሁት። ይህ ውሸት ነበር፤ ሌላውን ጥፋቴን ሁሉ የወለደውም እርሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ በጁን ንጉየን ሃትሱሺባ ሥራ ላይ ያደረግሁት ነው። አርቲስቱ ከቬትናማዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት በ1968 ቶኪዮ የተወለደ ነው (ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ኛ ትራንግ በተባለችው የቬትናም የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ በ2001 ውኃ ውስጥ የቀረጸው ቪዲዮ 13 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ወጣት ዓሣ አጥማጆች ሲክሎዎችን በባሕሩ ወለል ላይ፣ በአሸዋና በድንጋይ መካከል ይገፋሉ፣ ይጎትታሉ። ሲክሎ ተሳፋሪው ከፊት ተቀምጦ ሾፌሩ ከኋላ ፔዳል እየመታ የሚነዳው ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ነው። ሰዎቹ የመተንፈሻ መሣሪያ የላቸውም። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሲክሎውን ለቀው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አየር ስበው ይመለሳሉ፤ እንደገና ይገፋሉ። ወደ መጨረሻው ሲክሎዎቹን ትተው በዋና ይቀጥላሉ። ከዚያ የባሕሩ ወለል ላይ የተተከሉ ነጫጭ አጎበሮች ይታያሉ፤ ውኃው በቀስታ ያወዛውዛቸዋል።

እኔ ምን ብዬ ጻፍሁ? ሾፌሮቹ የሞቱ ወታደሮች መናፍስት፣ አጎበሮቹ ደግሞ የጦር ሰፈር ድንኳኖች ናቸው አልሁ። «ምናልባት» የምትል ቃል እንኳ አልጨመርሁም።

አጎበሮቹ ግን ጦርነቱ በ1975 ካበቃ በኋላ በጀልባ አገራቸውን ጥለው ሲሸሹ ባሕር ለበላቸው ቬትናማውያን የቆሙ መታሰቢያ ናቸው። የሥራው ርዕስ ራሱ የሚጀምረው መታሰቢያ ብሎ ነው። በ1975 እና በ1995 መካከል 800,000 ያህል ሰዎች በጀልባ ተጉዘው በሌላ አገር ዳርቻ በሕይወት ወርደዋል። መንገድ ላይ የቀሩትን በትክክል የቆጠረ የለም። ሲክሎውም ቢሆን ዝም ብሎ የተመረጠ ዕቃ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ሥራ የተከለከሉ የደቡብ ቬትናም መንግሥት ወታደሮችና አስተማሪዎች ብዙዎቹ እንጀራቸውን ያገኙት በሲክሎ ነው፤ ኋላ ደግሞ መንግሥት ሲክሎን ራሱን ከከተማ መንገዶች እየገፋ ያስወጣው ጀመር። እኔ መንፈስ ያልኋቸው ሰዎች ፊት ለፊቴ ትንፋሽ እያጠራቸው የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። የሚያልቀው ትንፋሽ የእውነት ትንፋሽ ነው።

ይህን ሳላይ የቀረሁት እኔ መሆኔ ያንገበግበኛል። ልጃቸው ከሊቢያ ተነሥቶ ሜዲትራኒያን ላይ የቀረባቸው፣ ወይም ወደ የመን ሲሻገር የሰጠመባቸው ወላጆች በየሰፈራችን አሉ። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ተቀምጫለሁ። መርዶ ሊያረዱ የሄዱ ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው የሚሉት ሲጠፋቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ቀብር ሳይኖር፣ አፈር ሳይለብስ የተለቀሰለት ሰው መታሰቢያው የት ይቁም የሚለው ጥያቄ ለእኔ ሩቅ አልነበረም። ያ ቪዲዮ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ፣ መልሱን ለአገሬ ሰው ማድረስ የምችለው እኔ ነበርሁ። በምትኩ ድንኳን አልሁት።

ለምን እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ። የእኔ ቬትናም ከልጅነቴ ቪዲዮ ቤት የመጣች ነበረች፤ ጫካ፣ እሳት፣ ሄሊኮፕተር፣ አሜሪካዊ ወታደር። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ቬትናማዊ ይሞታል እንጂ አይናገርም። እኔም በጽሑፌ ያንኑ ደገምሁ።

ሁለተኛው ሥራ ላይ የፈጸምሁት ደግሞ አለማወቅ አይባልም። ዲን ኪው ሌ በ1968 ሃ ቲየን የተወለደ፣ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ አሜሪካ ያደገ፣ ኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ የሠራ አርቲስት ነበር፤ በ2024 ዐረፈ። በ2006 ከሌሎች ጋር የሠራው «ገበሬዎቹና ሄሊኮፕተሮቹ» ሦስት ስክሪን ጎን ለጎን ይጠቀማል። የሆሊውድ የጦርነት ፊልሞች ቁራጮች ያልፋሉ፤ ጦርነቱን የኖሩ ገበሬዎች ስለ ፍርሃታቸው ይናገራሉ። ከእነርሱ ጋር ግን ትራን ኩዎክ ሃይ አለ። በካምቦዲያ ድንበር ባለችው በታይ ኒን ይኖር የነበረ፣ ሙያውን በራሱ የተማረ መካኒክ ነው። ሌ ቫን ዳን ከተባለ ገበሬ ጋር ሆኖ በገዛ እጁ ሄሊኮፕተር ሠርቷል፤ ለእርሻ ሥራና በአደጋ ጊዜ ሰው ለማዳን። ባለሥልጣናት እንዳያበር ከለከሉት። ከሠሯቸው ሄሊኮፕተሮች አንዱ በ2010 ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከቪዲዮው ጋር ቆሞ ታይቷል።

ያን ጽሑፍ ስጽፍ ይህን አውቅ ነበር፤ መግለጫው ላይ አንብቤዋለሁ። መካኒኩን ከጽሑፌ ያስወጣሁት ለፍቺዬ ስላልተመቸኝ ነው። ሄሊኮፕተር ማለት ሞት ነው ብዬ ወስኜ ነበርና ሄሊኮፕተር ወድዶ የሚሠራ ቬትናማዊ መካኒክ የማስቀምጥበት ቦታ አልነበረኝም። የሥራው ጉልበት ግን እዚያ ነበር። ያው አንድ ማሽን ለአንዷ የልጅነት ሰቆቃ፣ ለሌላው የነገ ተስፋ ሲሆን፣ ሁለቱም አንድ አገር ውስጥ ሲኖሩ፣ አርቲስቱ ማንንም ከማንም አላስበለጠም።

ሦስተኛው የንጉየን ትሪን ቲ የ2013 ሥራ ነው። ከቬትናም የዜና ገጾች ከሰበሰበቻቸው ፎቶግራፎች የተሠራ ሲሆን፣ በየፎቶው ሰዎች ቆመው በጣታቸው አንድ ቦታ ያመለክታሉ፤ ምን እንደተፈጸመበት አይነገርም። እኔ ቦምብ የወደቀበት ቦታ ነው አልሁ። አርቲስቷ ሆን ብላ ክፍት የተወችውን ዘጋሁት።

የዓይኔን ሞራ የገፈፈችው እርሷው ናት። በ2015 የሠራችውን «ከፓንዱራንጋ የተላኩ ደብዳቤዎች» ይህኛውን እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አየሁት። የጥንቱ የቻምፓ መንግሥት የመጨረሻ ምድር በነበረው በኒን ትዋን የሚኖሩትን የቻም ሕዝቦች ይመለከታል፤ መንግሥት በዚያ ክፍለ ሀገር የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች ሊሠራ አቅዶ ነበር። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። ስለ ሌላ ሕዝብ መናገር ይገባኛል ወይ፣ ካሜራዬን ፊታቸው ላይ ላድርገው ወይስ ራቅ ብዬ ምድሩን ልቅረጽ የሚለው ጭንቀት ፊልሙን ሙሉ አይለቅም። ቬትናማዊት ሆና፣ በገዛ አገሯ፣ ይህን ያህል ስትጠነቀቅ አየሁ። እኔ ያችን አገር ረግጫት አላውቅም፤ ቋንቋዋን አልሰማም፤ ግን አንድም ጊዜ አልተጠራጠርሁም። ከዚያ በኋላ ነው ተመልሼ ሌሎቹን ሥራዎች ሙሉውን የፈለግኋቸው።

እውነቱን ካወቅሁ በኋላ ዝም አልሁ። ይህ ከመጀመሪያው ጥፋት የባሰ ነው። አንዲት የሥነ ጥበብ ተመራቂ መጥታ፣ «ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን አንዱን ምዕራፍ በእርስዎ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቼ ነው የሠራሁት» ብላ ጥራዙን ሰጠችኝ። ገልጬ አየሁት። ድንኳኖቹ አሉ፤ መናፍስቱም አሉ፤ ከግርጌያቸው ስሜ ተጽፏል። በዚያን ጊዜ ስህተት መሆኑን አውቅ ነበር። መናገር ነበረብኝ። «ጎበዝ» ብዬ ሸኘኋት።

ልጄ፣ ይህ ገጽ እጅሽ ከገባ፣ ያ ምዕራፍ የተሳሳተው በእኔ ነው፤ አንቺ ያመንሽው ያየሁ መስሎሽ ነው። ይቅር በይኝ። አጎበሮቹን ባሕር ለበላቸው መልሺያቸው፤ መካኒኩንም ስሙን ጠርተሽ አስገቢው። ያን መጽሔት ያስቀመጣችሁ ሁሉ፣ ቪዲዮዎቹን ራሳችሁ ሳታዩ የጻፍሁትን አትጥቀሱ።