ያለ ፍሪሲዮን በስካይላይን ድራይቭ

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስተው በአውራ ጎዳና 66 ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ከነዱ ፍሮንት ሮያል የምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳሉ። ከተማዋ ብዙም የምታስቆም አይደለችም፤ ከቡና ያለፈ ጊዜ አይስጧት። የሚፈልጉት ከዳርቻዋ የሚነሳውን መንገድ ነው። ስካይላይን ድራይቭ ይባላል። በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የብሉ ሪጅ ተራሮችን ጀርባ ይዞ ወደ ደቡብ የሚዘልቅ 105 ማይል፣ በኪሎ ሜትር 169 የሚሆን አስፋልት ነው። ልጅዎ ወይም ወንድምዎ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ከከተሙት ወገኖቻችን አንዱ ከሆነና ሊጠይቁት ከሄዱ፣ ለገበያ ካሰቡት ጊዜ አንድ ቀን ቀንሰው እዚህ ይምጡ። ቤተሰብ ይዞ በመኪና መምጣት ይቻላል፤ ብዙው ሰው የሚመጣውም እንደዚያ ነው። እኔ የማወራዎት ግን በሞተር ብስክሌት ስለመሄድ ነው፤ ያውም ስልሳን ካለፉ በኋላ፣ ማርሹን ራሱ በሚቀይር ሞተር።

የመንገዱ ሥራ የተጀመረው በ1931 እ.ኤ.አ. ሲሆን የመጨረሻው ክፍል የተከፈተው በ1939 ነው። ጣሊያን ሊማሊሞን የቆረጠው በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ነው፤ የሁለቱ መንገዶች ዓላማ ግን አይገናኝም። ሊማሊሞ የተሠራው ጦርና ስንቅ እንዲያልፍበት ነው። ይኸኛው የተሠራው ሰው መኪናውን እያዘገመ ተራራ እንዲያይበት ነው። የጭነት መኪና አያገኙበትም። የፍጥነት ወሰኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ 35 ማይል፣ ማለትም በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ነው። ከፍተኛው ቦታ ስካይላንድ አጠገብ 1,122 ሜትር ላይ ይገኛል። አሜሪካኖቹ እዚያ ቆመው በአድናቆት ፎቶ ይነሳሉ። እርስዎ አዲስ አበባ ተቀምጠው ይህን እያነበቡ ከሆነ ግን አሁን ያሉበት ወለል ከዚያ ተራራ በእጥፍ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ከፍታው አያስደነግጥዎትም፤ ሥራ የሚሰጥዎት ኩርባው ነው።

ሞተር የለመድኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ጎጃም ውስጥ የግብርና ባለሙያ ሳለሁ፣ በመሥሪያ ቤቱ ያማሃ ነው። ማኑዋል ሞተር ነድተው የማያውቁ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ግራ እጅ ፍሪሲዮን ይጨብጣል፣ ግራ እግር ማርሹን ያነሳል ወይም ይረግጣል፣ ቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል። ሦስቱ ከተናበቡ ይሄዳል፤ ካልተናበቡ ዘሎ ይጠፋል። አንዴ ከለመዱት በኋላ እንደ መራመድ ይሆናል፤ አያስቡትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን የግራ እጄ አውራ ጣት ከሥሩ ማታ ማታ መንደድ ጀመረ። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ ማለቅ መሆኑንና በዚህ ዕድሜ የተለመደ መሆኑን ነገረኝ። የጠርሙስ ክዳን ለልጅ ልጅዎ ሰጥተው ማስከፈት ከጀመሩ ሕመሙን ያውቁታል። እንግዲህ ያን ጣት ይዘው ኩርባ በኩርባ በሆነ መንገድ ላይ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ እንደገና ሁለተኛ እያሉ ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮን ሲጨብጡ መዋልን ያስቡት።

በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ የተነሳው ጥያቄ ልሽጠው ወይስ ላቆየው የሚል ነበር። ልጃችን "አባዬ፣ በቃ ሽጠው" አለች። ባለቤቴ ዝም አለች፤ ዝምታዋም ምክንያት ነበረው። ሃያ ዓመት ከኋላዬ ተቀምጣ ስትሄድ ኖራ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ትታው ነበር። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ሞተሩ ለቅጽበት ጉልበቱን ይውጣል፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ወደ ፊት ይገፋል፣ ሄልሜት ከሄልሜት ይጋጫል። ኳ። አንዱ ኳ ያስቃል። ቀኑን ሙሉ ሲሆን ግን አንገት ይቆጥረዋል። እሁድ እሁድ እኔ ተራራ ላይ፣ እሷ ቤት ሆነን ከረምን። ሞተሩን የሚገዛ ሰው በአንድ ቀን ይገኛል። ያንን የሁለታችንን እሁድ ምን እንደሚተካው ግን አንዳችንም አናውቅም ነበር።

አውቶማቲክ ሞተር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ስኩተር ነው። የማወራዎት ስለሌላ ነገር ነው። ሆንዳ በ2010 እ.ኤ.አ. ቪኤፍአር 1200 በተባለው ሞተሩ ላይ ያመጣው አሠራር ሁለት ፍሪሲዮኖች አሉት፤ አንዱ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ማርሾች፣ ሌላው ሙሉ ቁጥር ያላቸውን ይይዛል። በሁለተኛ ማርሽ ሲሄዱ ሦስተኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው በዚያው ቅጽበት ይይዛል። በመካከል የሚውጠው ጉልበት የለም ማለት ይቻላል። ጎልድ ዊንግ የሚባለው የረጅም መንገድ ሞተር ከ1975 ጀምሮ የነበረ ቢሆንም፣ ይህን አሠራር ከሰባት ማርሽ ጋር ያገኘው በ2018 እ.ኤ.አ. በታደሰው ሞዴል ነው። 1,833 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ለሁለት ሰው የተሠራ ሰፊ ኮርቻ። ክብደቱ ባለ ሻንጣው 380 ኪሎ ያህል ነው፤ አራት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። አዲሱ ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ስለሚያወጣ ያገለገለ መፈለግ ነውር የለውም፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሌሎችም በየራሳቸው መንገድ ሞክረውታል። ያማሃ በ2006 ፍሪሲዮን የሌለው ኤፍጄአር 1300 አቅርቦ ነበር፤ ማርሹን ግን ነጂው ራሱ ነበር የሚቀይረው። ቢኤምደብሊው ደግሞ በ2024 የራሱን አውቶማቲክ አምጥቷል። ገበያው ወዴት እያየ እንደሆነ ይገባዎታል፤ ሞተር የሚገዛው ትውልድ ፀጉሩ ሸብቷል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ግራ እጅዎ አየር ይጨብጣል። ግራ እግርዎም የሌለ ነገር ይፈልጋል። ይህ በአሥር ቀን ያልፋል። የማያልፈውና አውቀው መማር ያለብዎት በዝግታ መዞር ነው። በማኑዋል ሞተር ጠባብ ቦታ ላይ ሲዞሩ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ለቀው፣ ግማሽ ይዘው ጉልበቱን በጣት ይመጥኑታል። አውቶማቲኩ ላይ ያ ነገር ከእጅዎ ወጥቷል፤ ነዳጅ ሲሰጡት በራሱ ልክ ይይዛል፣ አንዳንዴም ከጠበቁት ትንሽ ቀድሞ። መፍትሔው የኋላ ፍሬን ነው። ቀኝ እግርዎ ፍሬኑን ሳሳ አድርጎ እንደረገጠ፣ ነዳጁን ሳይዘጉ ቀስ ብለው ይዙሩ። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልገው ሁለት ቅዳሜ በዚህ ላይ ቢያውሉ ይክስዎታል። ሌላው ነገር ሲያቆሙ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ማርሹ ነጻ ስለሚሆን እንደ ድሮው አንደኛ ላይ ትተውት መሄድ አይችሉም፤ የእጅ ፍሬኑን ካልሳቡ በቁልቁለት ላይ ይንሸራተታል። በምትኩ ለእኛ ዕድሜ የተሠራ የሚመስል አንድ ነገር አለው። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ከሰው እርምጃ ባነሰ ፍጥነት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ራሱን ያንቀሳቅሳል። ወደ ታች ባዘነበለ ቦታ አቁመው አራት ኩንታል ብረት በጉልበትዎ ወደ ኋላ ጎትተው የሚያውቁ ከሆነ የዚህ ዋጋ ይገባዎታል።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ዳር ዳሩን የማይል ቁጥር የተጻፈባቸው አጫጭር ድንጋዮች ተተክለዋል፤ ቁጥሩ ከፍሮንት ሮያል ዜሮ ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ "ሃያ አንድ ላይ እንገናኝ" ማለት ይበቃል። ሃያ አንድ አካባቢ ሆግባክ የሚባለው ማረፊያ አለ፤ ከፓርኩ መመልከቻዎች ረጅሙ እሱ ነው፤ ከታች የሸናንዶዋ ወንዝ እንደ ተጣለ መቀነት እየተጥመለመለ ይታያል። ሠላሳ ሁለትን ሲነኩ ሜሪስ ሮክ ዋሻ ይመጣል። ድንጋዩ ተፈልፍሎ በ1932 ያለቀ፣ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ የሚሆን ዋሻ ነው። ከፀሐይ ወደ ጨለማ በአንድ ጊዜ ስለሚገቡ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ከሆነ አስቀድመው ያውልቁት፤ የስልሳ ዓመት ዓይን ከጨለማ ጋር ለመለማመድ ጊዜ ይወስዳል።

ባለቤቴ ከዋሻው ወጥተን ጥቂት ማይል እንደሄድን ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። የሆነ ነገር ያመማት መስሎኝ መመልከቻ ላይ አቆምኩ። "ማርሹን መቀየር ተውክ እንዴ?" አለች። ዳገቱን ስንወጣ ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ እኔም አላውቅም። አንድም ኳ አልሰማችም።

ሃምሳ አንደኛው ማይል ላይ ቢግ ሜዶውስ ነው። በዛፍ የተከበበ ሰፊ ሜዳ፣ ምግብ ቤትና በፓርኩ ውስጥ ብቸኛው የነዳጅ ማደያ ያለው እዚህ ነው። ሚዳቋ የመሳሰሉት አጋዘኖች ሜዳው ላይ ሰው ሳይፈሩ ይግጣሉ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፓርኩን የመረቁት በዚሁ ቦታ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። በጥቁር እንጆሪ የሚሠራውን የአይስክሬም ፓይ ሁሉም ያወድሰዋል። ለእኔ ስኳሩ በዝቶብኛል፤ ባለቤቴ ግን የእኔንም ጨርሳዋለች።

ከዚህ ስድስት ማይል ተኩል ርቀት ላይ ሌዊስ ማውንቴን አለ፤ ብዙ ጎብኚ ሳያቆም ያልፈዋል። እርስዎ አይለፉት። በ1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ተብሎ የተለየ ቦታ ነበር፤ ቨርጂኒያ በዚያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ በአንድ ሜዳ ምሳ እንዲበሉ አትፈቅድም ነበር። ልዩነቱ በፓርኩ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1950 ገደማ ነው። አሁን ማንም ድንኳኑን ተክሎ ያድርበታል። ልጆች ይዘው ከመጡ ይህን እዚያው ቆመው ይንገሯቸው፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ይገባቸዋል።

ተራራውም ባዶ አልነበረም። ፓርኩ ሲቋቋም አምስት መቶ ያህል ቤተሰቦች ከመሬታቸው ተነስተዋል። በጫካው ውስጥ የድንጋይ ካብ፣ የመቃብር ቦታ፣ የፈረሰ ጭስ ማውጫ የሚያገኙት ለዚህ ነው። ጥቂት አዛውንቶች ግን ዕድሜያቸው እስኪያልቅ በቤታቸው እንዲቆዩ ተፈቅዶላቸው ነበር። ከእነሱ የመጨረሻዋ ያረፉት በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ከሠላሳ ሌዊስ ማውንቴን ድረስ ስነዳ አስበው የነበረው ስለ እኚህ ሴት ነው፤ ዙሪያቸውን ሁሉ ዛፍ እየዋጠው እሳቸው በጓሯቸው ጎመን ሲተክሉ ይታየኝ ነበር።

አውቶማቲኩ የማያደርግልዎትን ልንገርዎት። ዓይንዎን አያድስም። ሲመሽ አጋዘን ከጫካ ዘሎ ሲወጣ ፍሬን የሚይዘው ያው የእርስዎ እጅ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተራራው ይውረዱ፤ ይህን እንደ ሕግ ይያዙት። ሲቆም ክብደቱን የሚሸከሙት ያው ሁለት እግሮች ናቸው። እኔ በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ ሞተሩን ከክረምት ሳወጣው፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ከማረፊያ እግሩ አንስቼ ብቻዬን ቀጥ አድርጌ እይዘዋለሁ። ጉልበቴ ከተንቀጠቀጠ ያኔ ይሸጣል። ይህን ለልጄ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ስትመጣም ቆማ ታየኛለች። ከዚያ በፊት ግን ትምህርት ይግቡ። በቨርጂኒያ የሞተር መንጃ ፈቃድ ለብቻው ነው፤ ነጂውም ከኋላ የሚቀመጠውም ሄልሜት ማድረግ ግዴታቸው ነው። ለነባር ነጂዎች የሚሰጠው የአንድ ቀን ልምምድ አርባ ዓመት ለነዳ ሰው ትርፍ ነገር ይመስላል፤ እዚያ ግን ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች አግኝቻለሁ። አንዳንዱ "ይኼማ ሶፋ ነው፣ ሞተር አይደለም" ሲል ይሰማሉ። ይበል። ፍሪሲዮን መጨበጥ የሚሰጠውን ደስታ እኔም አልካድኩትም፤ ማለዳ ማለዳ ይናፍቀኛል። እስከ ማታ አይቆይም እንጂ።

ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ቀይና ወርቅማ ሲሆን መንገዱ በመኪና ይሞላል፤ ከቻሉ በሥራ ቀን ይሂዱ። ከታች ሙቀት ቢሆንም ወፍራም ልብስ ይያዙ፤ ጭጋግ ሳያስታውቅ ይወርዳል።

መንገዱ 105 ላይ ሮክፊሽ ጋፕ ሲደርስ ያልቃል። ያልቃል ማለት ግን ስሙ ይቀየራል። ከዚያው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ይነሳና 469 ማይል፣ ማለትም 755 ኪሎ ሜትር፣ ሰሜን ካሮላይና ቸሮኪ ድረስ ይሄዳል። ሰሌዳው ፊት ቆመን ባለቤቴ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ካልቸኮልን አራት።"

"እንግዲያው ግንቦት ላይ ነው" አለች ጓንቷን እያጠለቀች። "አሁን ይበርዳል።"