የመኪናው ጽሑፍ ለአያትም ይነበብ

ልጄ በዕቁብና በብድር የገዛትን ሚኒባስ ስቲከር ሊያለብሳት አስቦ ንድፉን በስልኩ አሳየኝ። የግሸን አምባ፣ መስቀል፣ ሁለት ጥቅስ፣ አራት ስልክ ቁጥር፣ የድርጅቱም ስም በወርቃማ ቀለም ከነጥላው ተደርድሯል። «እማዬ፣ አያምርም?» አለኝ። ማማሩስ ያምራል። ነገር ግን የመኪና ማስታወቂያ ቁጭ ብለው የሚያዩት የግድግዳ ሥዕል አይደለም፤ ሽው ብሎ ያልፋል። ብድሩ ሳያልቅ ገንዘቡ ለማይነበብ ጽሑፍ እንዳይወጣ ፈራሁ።

መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያምን የተሳለመ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከደሴ፣ ከአዲስ አበባና ከሌላም አገር የመጡ መኪኖች ተደርድረው ይቆማሉ፤ ብዙዎቹም ነጭ ናቸው። በሥራ ላይ ሳለሁ አንዲት አረጋዊት እናት ከበዓሉ ሲመለሱ የመጡበትን መኪና አጥተው ፀሐይ ላይ ሲንከራተቱ አግኝቻቸዋለሁ። ምልክቱን ስጠይቃቸው «ነጭ ነው፣ ጽሑፍ አለበት» ከማለት በቀር የሚሉት አልነበራቸውም። ጽሑፉማ በሁሉም ላይ አለ።

ለልጄ የነገርኩት ከሙያዬ የማውቀውን ነው። በዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ላይ ከሁሉ በላይ ያለችው ትልቋ ፊደል ቁመቷ 9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጤነኛ ዓይን ከ60 ሜትር ይለያታል፤ ዓይኑ በጣም የደከመ ሰው ግን እስከ 6 ሜትር መቅረብ አለበት። ያውም ጥቁር በነጭ ተጽፋ፣ ሳትንቀሳቀስ ነው። በመኪና ላይ ያለ ስም ከዚህ ማነስ የለበትም።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለየው እግሩ ላይ ያለ ትንሽ ቅጥያ ነው። ፊደሉ ላይ ጥላ ሲጨመርበት፣ ሲጠማዘዝና ሲጠባብ ያ ቅጥያ ከሩቅ ይጠፋል፤ ስሙም ሌላ ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ፊደሉ ወፍራምና ቀጥ ያለ ይሁን፤ ቀለሙም ከጀርባው ጋር ይለያይ። ወርቃማ በነጭ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት አይታይም፤ ጥቁር በቢጫ ወይም ነጭ በጥቁር ሰማያዊ ግን ከሩቅ ይጠራል።

ማንበብ የማይችሉትንም አትርሱ። አምቡላንስን ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ በምልክቱ ያውቀዋል። አንድ ትልቅ ቀላል ሥዕል ከአሥር ትናንሽ ሥዕሎች ይሻላል። አያት ለልጅ ልጃቸው «ጀበና ያለበት መኪና» ብለው ሊነግሩት ይችላሉ። የቅዱሳንን ሥዕል ግን ጭቃ በሚረጭበት በር ላይ ማድረጉን አልወደድኩትም፤ ልጄም ይህን ተቀበለኝ።

ስቲከሩ ከመለጠፉ በፊት መኪናው ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ አቧራና ቅባት ካለበት ጠርዙ ቶሎ ይነሳል። ሰሌዳውን፣ መብራቱንና ሾፌሩ የሚያይበትን መስታወት ምንም አይሸፍነው። ስልክ ቁጥሩ አንድ ይሁን፤ ከኋላም ይጻፍ፣ ተከትሎ የሚመጣው መኪና ረጋ ብሎ የሚያነበው እሱን ነውና።

ልጄ ጥቅሶቹንና ሦስቱን ስልክ አስወጣ። ስሙን ግን አሁንም በወርቃማ ይፈልገዋል። የተስማማነው በወረቀት ላይ በሁለቱም ቀለም በልኩ አሳትመን፣ በር ላይ ለጥፈን፣ ሃምሳ እርምጃ ርቀን ልናስነብብ ነው። አንባቢዋ የ84 ዓመቷ እናቴ ናቸው። እርሳቸው ያነበቡት ቀለም መኪናው ላይ ይወጣል።